ማኅተሙ ሳይደርቅ ቀለም አትቀቡ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ማታ ብርዱ ከቤት አያስወጣም። እኔ ታዲያ ጋቢዬን ደርቤ ቀለም እቀባለሁ። አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ! ልጆቼ ይስቁብኛል።

ከላጲስ ላይ በምላጭ የአደይ አበባ ማኅተም ቀረጽኩ። ወረቀት ላይ እመታውና ውስጡን በቀለም እሞላዋለሁ። ስዕል ባትችሉም ችግር የለም፤ መስመሩን ማኅተሙ ይሠራላችኋል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የቢሮ ማኅተም ቀለም ብዙውን ጊዜ በውኃ የተበጠበጠ ነው። ማርከር ወይም የውኃ ቀለም ሲነካው መስመሩ ይለቅና ቢጫውን ያቆሽሸዋል። የመጀመሪያዎቹ አበቦቼ በጭቃ ጫማ የተረገጡ ነበር የሚመስሉት። ባለቀለም እርሳስ ይሻላል። ማኅተሙንም ማታ መትታችሁ አሳድሩት፤ በእኛ ብርድ ቶሎ አይደርቅም።

እርሳሱን አትጫኑት። መጀመሪያ ቢጫውን ሳሳ አድርጋችሁ አልብሱ፤ ከዚያ ከአበባው እምብርት ወደ ውጭ ብርቱካናማ ጣል ጣል። ሦስተኛው ዙር ላይ አበባው ከወረቀቱ ብድግ ይላል። እኔ እዚህ ስደርስ ቡናዬን ቀዝቅዞ ነው የማገኘው።