ልጃችሁ «እግዚአብሔር ግን እውነት አለ?» ሲላችሁ የማይደረጉ ነገሮች

ጥያቄው ቀጠሮ ይዞ አይመጣም። ሁለተኛው ቡና ተቀድቶ፣ አያት ለግሸን ማርያም የተሳሉትን ስለት እያወሩ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል የሚማረው ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል «ግን እግዚአብሔር መኖሩን በምን አወቃችሁ?» ይላል። ቤቱ ጭጭ። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ከዚያ በኋላ ባሉት አምስት ደቂቃዎች ነው።

ይህን የምጽፈው ደሴ ውስጥ በሰንበት ትምህርት ቤት ከወጣቶች ጋር ስውል ካየሁት ተነስቼ ነው። የማወራው ስለ ኦርቶዶክስ ቤት ነው፤ የማውቀው እሱን ነውና። ፕሮቴስታንት ጎረቤቶቼ ግን ስነግራቸው «እኛም ቤት ያው ነው» ይሉኛል። ስህተቱ ከክፋት አይመጣም። ልጄ ይጠፋብኛል ከሚል ፍርሃት፣ ትንሽ ደግሞ «ሰው ምን ይለኛል» ከሚል ነው።

ጥያቄውን እንደ ስድብ መቁጠር

እናት ታማትባለች። አባት «አፍህን ያዝ!» ይላል። አክስት ደግሞ ጥፋተኛውን ወዲያው ታገኘዋለች፦ «ይሄ ቲክቶክ!»። ልጁ የተረዳው ነገር ቢኖር እንዲህ ያለ ወሬ ቤት ውስጥ እንደማይነሳ ነው። ጥያቄውን ይዞ ፒያሳ ጓደኞቹ ጋ ይሄዳል፤ እነሱም ከእሱ የተሻለ አያውቁም።

ቤተ ክርስቲያን የተጠራጠረውን ሐዋርያ አልደበቀችውም። ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው እሑድ፣ በዳግም ትንሣኤ፣ የቶማስ ነገር በየዓመቱ ይነበባል። ሁላችንም የምናስታውሰው የጣቱን ነገር ነው። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ጓደኞቹ «ጌታን አየነው» አሉት፤ እሱ «ካላየሁ አላምንም» አላቸው። ወንጌሉ ከስምንት ቀን በኋላ ሲቀጥል ቶማስ ከእነሱ ጋር ቤት ውስጥ ነው፤ በሩም ተዘግቷል። አላባረሩትም። እሱም ተኳርፎ አልሄደም። ያመኑትና ያላመነው ያን ሁሉ ቀን አብረው ቆዩ። ለቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ታዲያ ምን ይባላል? «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ ማሰብ የጀመርከው?» ማለት ለመነሻ ይበቃል፤ ድምፃችሁ ረጋ ካለ። ብዙ ጊዜ ከጥያቄው ጀርባ ሌላ ነገር አለ፦ የሞተ ጓደኛ፣ የወደቀበት ፈተና፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሰው ፊት ያዋረደው ትልቅ ሰው።

ሳያማክሩት ወደ ንስሐ አባት መሮጥ

ንስሐ አባት ትልቅ ነገር ነው፤ ጸበልም እንዲሁ። ችግሩ አካሄዳችን ላይ ነው። እናት በስልክ ሁሉንም ተናግራ ትጨርሳለች። ቅዳሜ ከሰዓት የንስሐ አባት ጸበል ሊረጩ ይመጣሉ። ልጅቷ ከመኝታ ቤት ትጠራለች፤ ነጠላዋን በጥድፊያ እየደረበች ትወጣለች። ሳሎኑ ሰው ሞልቶታል። መስቀል ትሳለማለች። «ምነው ልጄ፣ አስቸገርሽ አሉኝ?» ይሏታል፤ ሁሉም ያያታል። ልጅቷ ከዚያ ወዲያ ለእናቷም ለቄሱም ምሥጢር አትነግርም።

አስተዋይ አባት ሲገጥም ደግሞ ሌላ ነው። አንድ የማውቃቸው ቄስ እንዲህ ሲገጥማቸው «እስቲ እናንተ ቡናውን አቀራርቡ» ብለው ቤተሰቡን ወደ ጓዳ ይሸኛሉ። ከዚያ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ትምህርቷ ነው። ሃይማኖቱ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

ደግሞም ጥርጣሬ ሁሉ ዓይነ ጥላ አይደለም። ልጁ እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ካስጠላው፣ መኖር ሰለቸኝ ማለት ከጀመረ ጸበሉ እንዳለ ሆኖ ሐኪም ይየው። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ላዘነ ሰው ማብራሪያ መስጠት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ስንቱ ቤቱን ጥሎ ወጣ። ስንቱስ ሲመለስ የተዘረፈ ሱቅ፣ የሞተ ወገን ጠበቀው። ከዚያ ወዲህ በብዛት የምሰማው ጥያቄ «እግዚአብሔር አለ ወይ?» የሚለው መሆኑ ቀርቷል፤ «ያኔ የት ነበረ?» ሆኗል። የሚጠይቁትም ወጣቶች ብቻ አይደሉም። እናቶችም ይጠይቃሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እኛስ ምን እንላለን? «ለበጎ ነው»። «የኃጢአታችን ብዛት ነው»። «እግዜር የሚወደውን ይፈትናል»። ልጇን ለቀበረች ሴት ይህን ማለት ቁስሏ ላይ ጨው መነስነስ ነው። የኢዮብ ጓደኞች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ዝም ብለው ተቀመጡ። እስከዚያ ድረስ ደግ ሠሩ። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። ኢዮብ «ለምን?» እያለ ጮኋል። በመጨረሻ ግን የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው ጠበቃ ሆነንልሃል ባሉት በጓደኞቹ ላይ ነው። የእኛ ለቅሶ ቤት ልማድም በደህናው ቀን ይህን ያውቃል። ሰው ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል፣ «እግዜር ያጽናሽ» ይላል፣ ዝም ይላል።

ሌላም አለ። ብዙ ቤት ዳዊት የሚደግሙ አያት አሉ። ዳዊቱ ለሳምንቱ ቀናት የተከፋፈለ ነው፤ የሰኞ ድርሻ ከመዝሙር 1 እስከ 30 ነው። በዚህ ውስጥ 12ኛው «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይጀምራል። 21ኛው ደግሞ «አምላኬ፥ አምላኬ፥ ለምን ተውኸኝ?» ይላል። እንግዲህ አያት ሰኞ ሰኞ ገና ቁርስ ሳይቀርብ ይህን ለፈጣሪያቸው ብለውታል። ማታ የልጅ ልጃቸው ያንኑ በራሱ አነጋገር ሲደግመው ግን «ተዳፈረ» ይባላል። እሳቸው ራሳቸው ገልጠው ያሳዩት። ዳዊቱ በግእዝ ከሆነ የአማርኛውን አውጡለት። ከሰባኪ ከሚሰማው ከአያቱ አፍ ቢሰማው ይሻላል፤ ያለቀሱበትን ዘመን ያውቃልና።

አስገድዶ ማስቀደስ፣ አስገድዶ ማስጾም

የወሎ ሰው ይህን ከማንም በላይ ማወቅ አለበት። እዚሁ ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ትልቅ ጉባኤ ተደርጎበታል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ባሉበት ሊቃውንቱ ተከራክረው ተዋሕዶ ጸናች፣ «ሦስት ልደት» የሚሉት፣ ማለትም ክርስቶስ ሦስት ጊዜ ተወልዷል ባዮቹ፣ ተረቱ። ይህን ተከትሎ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ደሴን መናገሻቸው ያደረጉት ንጉሥ ሚካኤል እሳቸው ናቸው። ሕዝቡስ? ብዙው ቀን ክርስቲያን፣ ማታ እስላም ሆኖ ኖረ። አዋጅ ሰውን ያስጠምቀዋል፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ምን ብሎ እንደሚጸልይ ግን ማዘዝ አልቻለም።

የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅም ያው ነው። እሑድ በሌሊት ተቀስቅሶ ነጠላ ለብሶ ይሄዳል፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ስልኩን ሲነካካ ያረፍዳል። ዓርብ ቤት ሽሮ ይበላል፤ ፒያሳ ሲደርስ እንቁላል ሳንዱች ያዛል። እናት ነገሩን ስትነቃበት አፉን ማሽተት ትጀምራለች። የምሬን ነው፣ አፍ የምታሸት እናት አውቃለሁ።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ቤቱ የሚጾም ከሆነ ቤቱ ይጹም። ለእሱ ተብሎ በዐቢይ ጾም ዶሮ አይሠራም፤ 55ቱንም ቀን ሽሮው ሽሮ፣ ምስሩም ምስር ነው። አኩርፎ ቢነሳም ያው ነው። ውጭ የበላውን ግን አትመርምሩ። ጾሙን ያቋረጠ ልጅ አንድ ቀን ሊመለስበት ይችላል። ስለ እንቁላል መዋሸት የለመደ ልጅ ግን በሌላውም ይቀጥላል፤ ያን መመለስ ይከብዳል።

በዘመድ ማስቀናት

«የአክስትህን ልጅ አታያትም? ረመዳንን ሙሉ ስትጾም!» ወሎ ውስጥ ይህች ዱላ ሁልጊዜ ቅርብ ናት፤ ብዙዎቻችን ቤት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ። ልጅቷ ምን አጠፋች? እስከ ትናንት አብረው ሲስቁ የነበሩ ልጆች ይኮራረፋሉ። ግልባጩም አለ፦ «ያ ጴንጤ ጓደኛህ ነው ያበላሸህ»፣ «ከእስላም ልጆች ጋር ስለምትውል ነው»። በሠርጋችን ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለየብቻ አርደን አንድ ድንኳን ውስጥ የምንጨፍር ሰዎች እንዲህ ማለት አያምርብንም።

ያላወቁትን መመለስ

«ሥላሴ እንዴት ሦስትም አንድም ይሆናል?» ሲባል አባት ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ መልስ ይሰጣል። ልጁ ማታ ስልኩ ላይ ያጣራዋል። ከዚያ በኋላ አባቱ ልክ የተናገረውንም አያምነውም። ሊቃውንት ዕድሜ ልካቸውን የሚማሩትን ነገር ቡናው እስኪንተከተክ እንመልሰው ማለት ድፍረት ነው። «አላውቅም፤ መምህሩን አብረን እንጠይቃቸው» በሉ። አምስቱ አዕማደ ምሥጢር፣ የቤተ ክርስቲያን የእምነት መሠረት የሆኑት ትምህርቶች፣ የሚጀምሩት በምሥጢረ ሥላሴ ነው። አብራችሁ ተማሩት። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ብዙ ወላጅም ተምሮት አያውቅም።

አባወራውን መርሳት

ስለ ጥርጣሬ ሲነሳ ጣታችን ሁሌ ወጣቱ ላይ ነው። ሚስቱን መድኃኔዓለም በር ላይ አውርዶ ቅዳሴው እስኪወጣ ማኪያቶ የሚጠጣው አባወራስ? እሱን «ታምናለህ ወይ?» የሚለው የለም። ለንግሥ ያዋጣል፣ ዕድር ላይ ይሰበሰባል፣ አለቀ። ልጁ ግን ያየዋል።

ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ የታመመ ልጁን ይዞ የመጣ አባት አለ። «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ የጮኸው እሱ ነው፤ ያውም ሕዝብ እየሰማ፣ ልጁ ባለበት። ኢየሱስም «መጀመሪያ እምነትህን አስተካክለህ ና» አላለውም፤ ልጁን ፈወሰለት። አባት ልጁን ቁጭ አድርጎ «እኔም አንዳንድ ቀን ስጸልይ የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም፤ ግን አላቋርጥም» ቢለው ምን ይጎድልበታል? እንዲያውም ልጁ የመጀመሪያውን እውነተኛ ስብከት የሚሰማው ያን ቀን ይሆናል።

ለማኅበሩ ማውራት

«ለልጄ ጸልዩልኝ» ብሎ ጉዳዩን ለጽዋ ማኅበር መዘርገፍ። ደሴ ላይ ወሬ ከሆጤ ተነስቶ ሰኞ ገበያ ለመድረስ ታክሲ አያስፈልገውም። ጸልዩልኝ በሉ፣ ክርስትና ስሙን ስጡ፣ ዝርዝሩን ተዉት።

ቀነ ገደብ መስጠት

«እስከ ፋሲካ ልብ ካልገዛህ ከዚህ ቤት ትወጣለህ!» ፋሲካ ይመጣል፤ ልጁ ወይ ልብ የገዛ ይመስላል፣ ወይ ይወጣል። ሁለቱም ኪሳራ ነው። አንዳንዱ በወራት ይመለሳል፣ አንዳንዱ ዓመታት ይፈጅበታል፣ የማይመለስም አለ። የማይመለሰውም በዓል ሲመጣ ወንበሩ እዚያው ይጠብቀው።

ይልቅ መስከረም 21 ለግሸን ስትነሱ ጋብዙት። ስብከት አታዘጋጁ፣ ለቄሱም ቀድማችሁ አትንገሩ። ለመንገዱ፣ ለጓደኛ ብሎ አምባሰል የሚወጣ ወጣት ሞልቷል፤ ያን የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ሲወጣ እምነቱን በሚዛን የሚለካው የለም። ግማደ መስቀሉ እዚያ እንዳለ በምን ታወቀ ብሎ ከጠየቀ መንገዱ ረጅም ነው፤ አውሩበት። «አልሄድም» ካለም ስንቃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ለከርሞ ደግሞ ጠይቁት።