የተራራ ጅረትን ጤና ከድንጋይ ሥር እንዴት እናነባለን?

የጅረት ውሃ በጠርሙስ ተቀድቶ ሲመረመር የሚነግረን የዚያችን ሰዓት ሁኔታ ብቻ ነው። ማታ ቆሻሻ ተለቆበት ጠዋት ጠርቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ከድንጋይ ሥር የሚኖሩ የነፍሳት እጮች ግን እዚያው ወራት፣ አንዳንዶቹም ከዓመት በላይ ይቆያሉ። ያለፈውን ሁሉ ቀምሰውታል። ለዚህ ነው እኔ መረብ የማስቀድመው።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ቀዳዳው ግማሽ ሚሊሜትር የሆነ ባለ እጀታ መረብ፣ ነጭ ትሪ፣ ወረንጦ፣ ቴርሞሜትር፣ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ ይቅርባችሁ፤ ውሃ ሲነካው ጽሑፉ ይፈሳል። ብቻችሁን አትሂዱ። ውሃው ከጉልበት ካለፈ ወይም ተራራው ላይ ዝናብ ከያዘ ደግሞ ጭራሽ አትግቡ።

ቦታ ስትመርጡ ውሃው ሳሳ ብሎ ድንጋዩ ላይ አረፋ እየደፈቀ የሚወርድበትን ፈልጉ። ሰዓቱን፣ ከፍታውንና የውሃውን ሙቀት ጻፉ። ሙቀቱን እንዳትዘሉት፤ ነፍሳቱ የሚተነፍሱት ኦክስጅን በእሱ ይወሰናል። በባሕር ጠለል ላይ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ውሃ በሊትር እስከ 11 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ 20 ዲግሪ ሲሆን ወደ 9 ይወርዳል። ከፍታ ሲጨምርም ይቀንሳል።

አሁን ግቡ። የመረቡን አፍ ወደ ውሃው መምጫ አዙራችሁ ወለሉ ላይ አስደግፉት። ከመረቡ ፊት፣ ውሃው በሚመጣበት በኩል ቆማችሁ ድንጋዩን በእግራችሁ አተራምሱ። የተነቀለው ሁሉ በውሃው ተገፍቶ ይገባላችኋል። ወደ ላይ እየሄዳችሁ 3 ደቂቃ ሥሩ፤ በስልክ ይቆጠር። አንዱ ቦታ 2፣ ሌላው ቦታ 5 ደቂቃ ከሆነ ማወዳደሩን እርሱት።

ከዚያ ጥቂት የጅረት ውሃ ያለበት ትሪ ላይ ገልብጡትና ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። መጀመሪያ ጭቃና ቅጠል ብቻ ይመስላል። ሲረጋ ግን አንዱ ቅጠል መራመድ ይጀምራል። በቃ፣ ጭራውን ቁጠሩ። ሁለት ጭራ ኖሮት እግሩ ጫፍ ላይ ሁለት ሁለት ጥፍር ካለው ስቶንፍላይ የሚባለው ነፍሳት እጭ ነው። ሜይፍላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጭራ አለው፤ ሆዱ ግራና ቀኝ ላይ የሚርገበገብ ስንጥብ (ውሃ ውስጥ የሚተነፍስበት አካል) ይታያል። ከአሸዋና ከእንጨት ስባሪ የሠራውን ቤት ተሸክሞ የሚጎተተው ካዲስፍላይ ነው። ሦስቱም ባብዛኛው ብክለት አይችሉም። ቀይ ትል የሚመስለው የትንኝ መሰል ዝንብ እጭ ግን ይችላል፤ ቅላቱ የሄሞግሎቢን ነው፣ ኦክስጅን ሲያንስ ያኖረዋል። እሱ ብቻውን ትሪውን ከሞላው ነገር አለ ማለት ነው።

አትቸኩሉ ታዲያ። በሞቃት አገሮች የስቶንፍላይ ዝርያ ጥቂት ስለሆነ መጥፋቱ ብቻውን ብክለትን አያሳይም። እዚያው ጅረት ላይ፣ ከተጠረጠረው ቦታ ከፍ ብላችሁ ሌላ ናሙና ውሰዱና አወዳድሩ። ስሙን ላላወቃችሁት ነፍሳት «ዓይነት ሀ» ብላችሁ ሥዕሉን ሣሉ። ግምት ደብተር ውስጥ ከገባ በኋላ እውነት ይመስላል።

ስትጨርሱ ነፍሳቱን ወደ ቦታቸው መልሱ። ወደ ሌላ ጅረት ከመሻገራችሁ በፊት መረቡንና ቦት ጫማውን እጠቡና በደንብ አድርቁ፤ እንቁራሪት የሚጨርስ ፈንገስ በእርጥብ ጫማ ይጓዛል።