«ነኝ» የምትለዋ ቃል፦ ክፉ የውስጥ ንግግርን መመርመርና መግራት

አንድ የወር መጨረሻ ላይ፣ የሒሳብ መዝገቡ ሊዘጋ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው፣ እኩል መውጣት የነበረበት የዴቢትና የክሬዲት ድምሬ በ900 ብር አልገጥም አለኝ። ልዩነቱን መፈለግ ከመጀመሬ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድሞኝ መጣ፤ «ድሮም ለዚህ ሥራ አልተፈጠርሽም» የሚል። ድምፁ የራሴ ነው፤ የሚያናግረኝ ግን እንደ ተቆጣ አለቃ «አንቺ» እያለ ነው። በሒሳብ ሥራ የቆየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የአኃዞች ቦታ መለዋወጥ ነው፤ 900 ደግሞ ለ9 ይካፈላል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ 5,430 መሆን የነበረበትን 4,530 ብዬ መመዝገቤን አገኘሁት። ስሕተቱ ስምም፣ ምክንያትም፣ ማረሚያም ነበረው። «አልተፈጠርሽም» ለሚለው ፍርድ ግን የትኛውንም መዝገብ ብገልጥ ማስረጃ አላገኝለትም ነበር።

እዚህ የማቀርበው መንገድ ያንን ድምፅ በሽንገላ ማባበል ሳይሆን፣ እንዳልገጠመ ሒሳብ ቁጭ ብሎ መመርመር ነው። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በፊላዴልፊያ በድባቴ የተያዙ ሰዎችን ሲያክሙ፣ ታካሚዎቹ ጮክ ብለው ከሚናገሩት ጎን ለጎን ሌላ ፈጣንና አጭር ንግግር በውስጣቸው እንደሚሄድ አስተውለው ነበር፤ ሳይጠሩት የሚመጣና ሳይመረመር የሚታመን ንግግር ነው። ዛሬ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ከሚባለው የንግግር ሕክምና ዋና ዋና መነሻዎች አንዱ ይህ ምልከታ ሲሆን፣ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎችም በአብዛኛው ከዚያው የተቀዱ ናቸው።

መጀመሪያ ንግግሩን ሲናገር መያዝ ያስፈልጋል። ለአንድ ሳምንት ትንሽ ደብተር ወይም የስልክዎን ማስታወሻ ይጠቀሙ፤ ስሜትዎ በድንገት ሲጨልም ሰዓቱን፣ ከዚያ በፊት የሆነውን ነገርና ለራስዎ የተናገሩትን ቃል በቃል ይጻፉ። «ከፋኝ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። «አጎቴ ቤት ምሳ ላይ ታናሽ ወንድሜ መኪና መግዛቱ ሲወራ ‹አንተ ብቻ ቀረህ› አልኩ» የሚለው ግን ሊመረመር የሚችል ነገር ነው። ቃሉን አያሳምሩት፤ ስድብ ከሆነ ስድቡ እንዳለ ይጻፍ፤ ደብተሩን ከእርስዎ በቀር የሚያነበው የለም። እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት ስጨርስ ሃያ ያህል ማስታወሻ ነበረኝ፤ እየደጋገምኩ የጻፍኳቸው ዓረፍተ ነገሮች ግን አራት ብቻ ሆነው ተገኙ። አንደኛዋ፣ ቃሏ ሳይዛነፍ፣ በልጅነቴ ካስተማሩኝ መምህር አፍ የወጣች ነበረች።

ቀጥሎ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ይመልከቱ። አማርኛ ማሰሪያውን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ፍርዱም ብዙ ጊዜ እዚያው ተቀምጦ ይገኛል። «ፈተናውን ወደቅሁ» የአንድ ቀን ወሬ ነው፤ «ደደብ ነኝ» ግን የዕድሜ ልክ ፍርድ ነው። «ቀጠሮውን ረሳሁ» ከማለት «ዝንጉ ነኝ» እስከ ማለት፣ «ልጄ ላይ ጮኽኩ» ከማለት «ክፉ እናት ነኝ» እስከ ማለት ያለው ርቀት ሰፊ ሆኖ ሳለ፣ ድምፁ በአንድ እርምጃ ይሻገረዋል። ስለዚህ በ«ነኝ»፣ ወይም ድምፁ እንደ ሌላ ሰው ሲያናግርዎ በ«ነህ» እና በ«ነሽ»፣ የተቋጨውን ሁሉ የሆነውን ብቻ በሚናገር ግስ ይለውጡት። «ድሮም»፣ «ሁልጊዜ»፣ «መቼም» እና «በቃ» የሚሉትንም ያስምሩባቸውና በቦታቸው ቀንና ቁጥር ያስገቡ። «ሁልጊዜ አረፍዳለሁ» የሚለው «በዚህ ወር ሦስት ቀን አረፈድኩ፤ ሁለቱን ታክሲ አጥቼ፣ አንዱን እንቅልፍ ጥሎኝ» ተብሎ ሲጻፍ፣ ጥፋቱ ሳይካድ ልኩን ያገኛል። እንቅልፉ በማንቂያ ደወል፣ የታክሲው ነገር ደግሞ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ በመውጣት ይታረማል፤ «አርፋጅ ነኝ» የሚለውን ግን በምን ያርሙታል?

ከዚያ በኋላ ለክሱ የሚመሰክረውንና የሚቃወመውን በሁለት ዐምድ መጻፍ ነው። የሚመሰክረውም በሐቅ ይሞላ፤ ወረቀት ያስፈለገው ነገሩ በሐሳብ ብቻ ሲብላላ ከሳሹ ብቻውን ስለሚናገር ነው እንጂ ለተከሳሹ ለማድላት አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው መልስ ሲፈልግ ነው። በመስታወት ፊት ቆሞ «እኔ ድንቅ ነኝ» እያሉ መደጋገምን የሚመክሩ ሞልተዋል፤ እኔ አልመክረውም። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲዋ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆአን ውድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች «የምወደድ ሰው ነኝ» የሚለውን እንዲደጋግሙ ሲደረግ ስሜታቸው እንደ መሻሻል ይብስ ወርዶ ተገኝቷል። ያላመኑበት ውዳሴ ከሳሹን ለሙግት ከመጋበዝ በቀር የሚፈይደው ነገር የለም። እንግዲህ የሚያዋጣው፣ ባይጣፍጥም የሚታመን መልስ ነው። የጻፉትን መልስ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ውስጥዎ «ውሸት!» ካለ እስኪቀበለው ድረስ ዝቅ ያድርጉት። ያን ዕለት «ጎበዝ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ» የሚለው አልዋጥልሽ አለኝ፤ «ስሕተቱን ሳላስረክብ ራሴ አገኘሁት» የሚለውን ግን ልክደው አልቻልኩም፤ እስከ ማታ የሠራሁት በእሱ ነው።

ሐሳቡን በጉልበት ማባረርም አያዋጣም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ሙከራ፣ ተሳታፊዎች ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ ካሰቡም ደወል እንዲደውሉ ቢታዘዙ፣ ድቡ በየመካከሉ እየመጣ ደወሉን ማስደወሉ አልቀረም። «ያቺ ነገር ዛሬም መጣች» ብሎ መዝግቦ ወደ ያዙት ሥራ መመለስ ይሻላል።

አጠራርም ዋጋ አለው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኢታን ክሮስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ በሰው ፊት ንግግር ከማድረጋቸው በፊት «እኔ» እያሉ ሳይሆን ራሳቸውን በስማቸው እየጠሩ እንዲያስቡ የተደረጉ ሰዎች ጭንቀታቸው ቀለል ብሎላቸዋል። እኛ ደግሞ ቁጣን የሚያለዝብ የአጠራር ልማድ አለን። ያንኑ ጥፋት ታናሽ እህትዎ ብትሠራው እንዴት ይነግሯት ነበር? «እህትዓለም፣ ዛሬስ ተሳስተሻል፤ ነይ እስቲ አብረን እንየው» ሳይሏት አይቀሩም። ይህንኑ በራስዎ ስም ይበሉት፤ መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል፣ ኋላ ይለመዳል። (ራስን መስደብ ትሕትና የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ከእነሱ ጋር አልስማማም። ትሑት ሰው የሚያምነው ያጠፋውን ያህል ነው፤ አብዝቶ ማመን ከመካድ ያልተለየ የቁጥር ስሕተት ነው።)

የተገኘውን መልስ በሥራ ካልደገፉት ቶሎ ይደበዝዛል። ስለዚህ በዚያው ዕለት ከሩብ ሰዓት የማይበልጥ አንድ ነገር ይሥሩ፦ የሸሹትን ስልክ መደወል፣ ሳይታጠፍ የከረመውን ልብስ ማጠፍ፣ የማመልከቻውን የመጀመሪያ አንቀጽ መጻፍ። ከዚያም በሁለተኛው ዐምድ ያስገቡት፤ ለሚቀጥለው ክስ ምስክር ይሆናል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ድምፁ የሚመጣና የሚሄድ ሲሆን ነው። ሐዘኑ ወይም የነገር ሁሉ ጣዕም ማጣት ቀኑን ሙሉ፣ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ለሁለት ሳምንት ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ነገሩ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ድምፁ «ባልኖር ይሻላል» ማለት ከጀመረ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ለሚያምኑት ሰው ነግረው አብረው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ጸሎት ወይም ጠበል የያዘ ሰውም ሕክምናውን ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላል፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መተው አይጠበቅበትም። ሲሄዱ ደብተሩን ይያዙት፤ ሐኪሙ «ምን ምን ይሰማዎታል?» ሲሉ፣ በዚያ ሰዓት ከማስታወስ ማንበብ ይቀላል።