ሰው የሚያባርር አውራ ዶሮ፦ ጓሯችን ውስጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የግቢውን በር ከፍታ ገባች። ነጠላዋን ነፋስ አነሳው። አውራ ዶሯችን ከጓሮ በኩል እየሮጠ መጣና ባቷ ላይ ዘለለባት። ጮኸች፣ ሮጠች፣ በረንዳ ላይ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጠላ የለበሰ ሰው ሁሉ ጠላቱ ሆነ። የጎረቤቱ ሁሉ ፍርድ አንድ ነበር፦ «ጠግቧል፤ እረዱት።»

ያኔ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። አሁን ግን በዚህ ቃል አልስማማም። አውራ ዶሮ ሰው ላይ የሚዘለው ጠግቦ አይደለም። ሥራውን እየሠራ ነው። ሥራው ሴት ዶሮዎቹን ከጭልፊት፣ ከሸለምጥማጥና ከሌላ አውራ መጠበቅ ነው። ችግር የሚመጣው እኛንም ከእነዚህ እንደ አንዱ ሲቆጥረን ነው። እንዲቆጥረን የሚያደርጉት ነገሮች ደግሞ አብዛኞቹ በእኛ እጅ ያሉ ናቸው።

መሸሽ፣ አለዚያም መርገጥ

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ። ውጤታቸው ግን አንድ ነው።

ስትሸሹ ዶሮው ትምህርት ይወስዳል። «ዘለልኩ፣ ሄደ» ይላል። በሚቀጥለው ቀን ቀድሞ ይዘላል፣ ከሩቅ ይመጣል። እናቴ አንድ ጊዜ ሮጠች፤ በሳምንቱ ዶሮው በሩ ሲንኳኳ ገና መሮጥ ጀምሮ ነበር።

ስትረግጡት ደግሞ በራሱ ቋንቋ መለሳችሁለት ማለት ነው። ሁለት አውራዎች ሲጣሉ አይታችሁ ከሆነ፣ ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ የአንገታቸውን ላባ ያቆማሉ፣ ከዚያ እግራቸውን አስቀድመው ይዘላሉ። የእናንተ እርግጫ ለእሱ ልክ እንደዚያ ነው። ግጥሚያው ተጀመረ ይላል። ዛሬ ቢሸነፍ ነገ ሌላ ሙከራ ያደርጋል። በዚያ ላይ የዶሮ አጥንት ቀላል ነው። አንድ እርግጫ እግሩን ወይም ጎኑን ሊሰብረው ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሲመጣባችሁ ቁሙ። ፊታችሁን ወደ እሱ አዙሩ። መጥረጊያ ወይም ባልዲ ካላችሁ ዝቅ አድርጋችሁ በእናንተና በእሱ መካከል ያዙት። ለመምታት ሳይሆን እንደ አጥር። ከዚያ ቀስ ብላችሁ፣ ሳትቸኩሉ፣ ወደ እሱ ተራመዱ። እሱ መንገድ እስኪለቅ ድረስ አትመለሱ። ፊቱን ሲያዞር፣ መሬት መጫር ሲጀምር፣ ነገሩ አልቋል። ያኔ ወደ ሥራችሁ ሂዱ። ዝም ብሎ ጥሬውን የሚለቅም አውራን ግን እየተከተላችሁ አታስጨንቁት። ያ ራሱ ትንኮሳ ነው።

አንድ ሰው ብቻ ይህን ቢያደርግ አይበቃም። ዶሮ ሰው ይለያል። እኔን መንገድ መልቀቅ ተምሮ እናቴን ግን ለሳምንታት ማባረሩን አልተወም። እሷም መጥረጊያዋን ይዛ ቆም ማለት ስትጀምር ነው ቀስ በቀስ የተዋት።

ምልክቱን አለማየት

«ድንገት ነው የዘለለብኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ድንገት አይዘልም። ቀድሞ ይናገራል።

አንዱን ክንፉን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ ጎን ለጎን ይሽከረከራል። ይህን ሴቶቹ ላይ ሲያደርገው መለማመጥ ነው። ሰው ላይ ሲያደርገው ግን ፈተና ነው። ከኋላ ከኋላ መከተል ይጀምራል። በአንድ ዓይኑ ትክ ብሎ ያያችኋል። ምግብ ሳይኖር አጠገባችሁ መሬቱን ቶሎ ቶሎ ይነካል። ጫማ ጫፍ ላይ ነካ ያደርግና ወደ ኋላ ይላል። ብዙዎቻችን ይህን አይተን እንስቃለን፤ ልጆችም ያጨበጭባሉ። ነገሩን በቀላሉ ማረም የሚቻለው ግን ያኔ ነው።

እነዚህ ምልክቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚታዩት ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜ፣ ማለትም ሲጎረምስ ነው። እስከዚያ ድረስ እንደ በግ የዋህ የነበረው አውራ በዚያ ሰሞን ይለወጣል። ስለዚህ ያንን ጊዜ ጠብቁት።

ወንዱን ጫጩት አቅፎ ማሳደግ

ይህ ብዙ ሰው የማያምነኝ ነገር ነው። ሴቷን ጫጩት እንዳሻችሁ ልመዷት፣ ችግር የለውም። ወንዱ ግን በእጅ እየጎረሰ፣ ትከሻ ላይ እየተቀመጠ ካደገ ሰውን መፍራት ይረሳል። ሲጎረምስ ደግሞ የሚፎካከረው ከማይፈራው ጋር ነው። ለእሱ እናንተ ትልቅ እግር ያላችሁ ሌላ አውራ ናችሁ።

አትንኩት ማለቴ አይደለም። ለምርመራ ያዙት፣ ሲታመም አክሙት፣ በእርጋታ አንሱት፣ በእርጋታ አስቀምጡት። ብቻ የቤት አሻንጉሊት አታድርጉት። በጣት እየነኩ ማናደድና ማጣላትማ ጨርሶ መከልከል አለበት። ልጆች ለጨዋታ ያደረጉትን እሱ እንደ ጨዋታ አይመዘግበውም።

ለአራት ዶሮ ሦስት አውራ

የ45 ቀን ጫጩት ገዝታችሁ የምታረቡ ይህን ታውቁታላችሁ። ሳሶ ከሚባለው ዝርያ አሥር ትገዛላችሁ። በዚያ ዕድሜ ወንዱን ከሴቷ መለየት ለጀማሪ ይከብዳል። ከወራት በኋላ አምስቱ፣ ስድስቱ መጮህ ይጀምራሉ። «ለፋሲካ ይደርሱልናል» ተብሎ ሁሉም አብረው ይቆያሉ።

ለአንድ አውራ ከ8 እስከ 10 ሴት ዶሮ ቢኖር ጥሩ ነው። ከዚያ በጣም ሲያንስ የሚጎዱት መጀመሪያ ሴቶቹ ናቸው። ጀርባቸው ይመለጣል፣ የማጅራታቸው ላባ ይረግፋል፣ ከቆጥ ለመውረድ ይፈራሉ። እንቁላላቸውም ሊቀንስ ይችላል። አውራዎቹ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እየተፋጠጡ ስለሚውሉ ሁልጊዜ ዝግጁ ናቸው። ያ ንዴት እናንተም ላይ ይተርፋል።

ማን የበላይ እንደሆነ ለማወቅ ማለዳ አዳምጡ። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አብረው ከሚኖሩ አውራዎች መካከል ንጋት ላይ መጀመሪያ የሚጮኸው የበላዩ ነው፤ ሌሎቹ እሱን ጠብቀው በየደረጃቸው ይከተላሉ። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ አልጋዬ ላይ ሆኜ ጓሮውን ማንበብ ጀመርኩ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ትርፎቹን ሴቶቹ በማይታዩበት ቦታ ለብቻ አስቀምጧቸው። አብረው ያደጉ አውራዎች ሴት ከሌለች ብዙውን ጊዜ ተስማምተው ይኖራሉ። ቦታ ከሌላችሁ በጊዜ ሽጧቸው ወይም ለወጥ አድርጓቸው። እንቁላል ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ደግሞ አውራ ጨርሶ አያስፈልጋችሁም። ዶሮ ያለ አውራ ትጥላለች፤ እንቁላሉ ጫጩት አይሆንም እንጂ ለመብላት ምንም ልዩነት የለውም። ይህን የማያውቁ ብዙ ሰዎች እንቁላል እንዳይቀርባቸው ብለው ክፉ አውራ ታቅፈው ይኖራሉ።

የበዓሉን ዶሮ ከቤቱ መንጋ ጋር መቀላቀል

በዓል ሲቃረብ ዋጋ ይጨምራል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለን ከገበያ አውራ እንገዛና ጓሮ እንለቀዋለን። ከዚያ ደም ነው።

ዶሮዎች ተርታ አላቸው። ማን ማንን ይነካል፣ ማን ቀድሞ ይበላል፣ ማን ቆጡ ላይ ከላይ ያድራል፤ ሁሉም የታወቀ ነው። ኖርዌያዊው ቶርላይፍ ሽየልደሩፕ ኤበ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህን ተርታ ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው ገና በልጅነቱ ዶሮዎችን ሲከታተል ያየውን ይዞ ነው። እንግዳ አውራ ሲገባ ተርታው በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። ነባሩ አውራ የቀን ተቀን ጦርነት ውስጥ ይገባል። እንግዳው ታርዶ ካለቀም በኋላ ለቀናት እንደተቆጣ ሊቆይ ይችላል።

ከጠቡ የሚብሰው ደግሞ ፈንግል የሚባለው ተላላፊ የዶሮ በሽታ ነው። ከገበያ የመጣ አንድ ዶሮ ያልተከተበ መንጋን ሙሉ ለሙሉ ሊጨርስ ይችላል። ስለዚህ የተገዛውን ዶሮ ለብቻው፣ ራቅ አድርጋችሁ፣ በራሱ መመገቢያና ውኃ መጠጫ አቆዩት። ነባሮቹን ቀድማችሁ መግቡ፣ እንግዳውን በመጨረሻ። እጃችሁን ታጠቡ።

ጠባብ ቤትና አንድ መመገቢያ

መውጫ የሌለው ቦታ ጠብ ይወልዳል። የተሸነፈው ዶሮ የሚሸሽበት ማዕዘን፣ የሚሸሸግበት ቁጥቋጦ ወይም የተጋደመ እንጨት ይፈልጋል። መመገቢያውን ሁለት ቦታ አድርጉት። እናንተም እንቁላል ለመሰብሰብ አውራው ውስጥ ሳለ በጠባቧ በር አጎንብሳችሁ አትግቡ። ጥቂት ጥሬ ከውጭ በትኑለት፣ ይውጣ። ሴቶቹን «ቱክ ቱክ» እያለ ሲጠራ እናንተ ሥራችሁን ትጨርሳላችሁ።

ልጆችንና አረጋውያንን እንቁላል እንዲያመጡ መላክ

አውራ ዶሮ የሚዘልበት ከፍታ ለእኛ ጉልበት ነው። ለሦስት ዓመት ልጅ ግን ዓይን ነው። ሰው ላይ የዘለለ አውራ ባለበት ግቢ ትንሽ ልጅ ብቻውን አይለቀቅም። በዚህ አልደራደርም።

ስለ አረጋውያን ብዙ አይነገርም። በደቡብ አውስትራሊያ አንዲት የ76 ዓመት ሴት እንቁላል ስትሰበስብ አውራ ዶሮዋ እግሯ ላይ ያበጠ የደም ሥሯን ወግቶት ደም ፈሷት ሞታለች። ጉዳዩ በ2019 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት ታትሟል። እንዲህ ያለ ነገር የሚደርሰው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ሆኖም እግራቸው ላይ የደም ሥር ያበጠባቸው እናቶችና አባቶች ስንቶቻችን ቤት አሉ? ቦት ጫማ ያድርጉ፣ ወይም ሌላ ሰው ይሂድላቸው።

ሰው ከተወጋ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ጥልቅ ሊሆን ይችላል። በሳሙናና በሚፈስ ውኃ በደንብ እጠቡት። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። ዓይን አካባቢ ከሆነ አንድ ሰዓት እንኳ አትቆዩ።

ከእግሩ ኋላ ያለውን ሹል ነገር መቁረጥ

አንዳንዱ ሰው በቢላ ይቆርጠዋል። አታድርጉት። ውጪው እንደ ጥፍር ነው፤ ውስጡ ግን አጥንትና ደም ሥር አለው። ከሥሩ ከተቆረጠ ዶሮው ይደማል፣ ያመዋል፣ ሊመረቅዝም ይችላል። ጫፉን ብቻ በሞረድ ማዶልዶም ይበቃል። ማታ፣ ቆጥ ላይ ሳለ ያዙት፤ በጨለማ ዶሮ ደህና አድርጎ ስለማያይ አይታገልም።

የማይታረመውን ማራባት፣ ወይም ሳይናገሩ መሸጥ

ሁሉም አውራ አይታረምም። ይህን ለመቀበል ጊዜ ወስዶብኛል። የእኛው ለእኔም ለእናቴም መንገድ መልቀቅ ተምሮ ነበር። አንድ ቀን ግን የእህቴን ልጅ ጉንጩ ላይ መታው። ከዓይኑ በታች፣ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ። በማግስቱ ታረደ። እንዲህ ያለውን አውራ «ጎበዝ ነው» ብሎ ለሰው መሸጥ አደጋውን ወደ ሌላ ቤት ማሻገር ነው። ከሸጣችሁም ጠባዩን ተናገሩ። ሌላ ሕፃን ያለበት ግቢ ሊሆን ይችላል።

ጠባይ በከፊል በዘር ይወርዳል። ስለዚህ ከእሱ እንቁላል አላስታቀፍንም። በምትኩ ከጎረቤት የተገኙ አራት ጎረምሳ አውራዎችን ለሳምንታት ለብቻቸው አቆይተን ተከታተልናቸው። ሰው ሲያልፍ መንገድ የሚለቅ፣ ጥሬ ሲያገኝ ቀድሞ ከመብላት ይልቅ የሚጠራ፣ የጭልፊት ጥላ ሲያይ ግን የሚጮኽ አንዱን አስቀረን። የሐበሻ ዶሮ ነው፣ ገብስማ። እናቴ እሑድ ነጠላዋን ለብሳ ስትገባ ቀና ብሎ ያያታል፣ ሴቶቹን ወደ ቆጡ በኩል ይነዳቸዋል፣ እሷም ታልፋለች።