የሰሞኑን ክሊፕና የሰሞኑን ወሬ ከጣና ዳር ሆኖ ለመተቸት

ባህር ዳር ላይ ስልኩን ደግፎ ስለ አዲስ ክሊፕ፣ ስለ ፊልም ወይም ስለ ከተማው ጉዳይ የሚሰማውን የሚቀርጽ ወጣት በየሠፈሩ አለ። ቅጂው ሲወድቅ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው፦ ወይ ድምፁ አይሰማም፣ ወይ ተናጋሪው «አልተመቸኝም» ይልና ምኑ እንዳልተመቸው ሳይነግረን ይሰናበታል። ሁለተኛው ይብሳል፤ ለመጥፎ ድምፅ ማይክ ይገዛለታል።

ክሊፕ ከሆነ ሦስት ጊዜ እዩት። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ተመልካች፣ ቀጥሎ ስልኩን ደፍታችሁ በጆሮ ማዳመጫ ድምፁን ብቻ፣ በመጨረሻ ድምፁን ዘግታችሁ ምስሉን ብቻ። በሁለቱ የኋላ ዙሮች ደቂቃና ሰከንዱን በወረቀት ያዙ። «ግጥሙ አይሰማም» የሚል አድማጩን አያሳምንም፤ «1፡12 ላይ ከበሮው ሲገባ የስንኙ ማለቂያ ይዋጣል» ያለ ግን አድማጩ ራሱ ሄዶ ያረጋግጥለታል። ከክሊፑ ሥር የተጻፈውንም አንብቡ። ዜማና ግጥም፣ ቅንብር፣ ሚክሲንግ (ድምፅና መሣሪያውን ማመጣጠን)፣ ማስተሪንግ (የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ)፣ ዳይሬክተር፣ ብዙ ጊዜ ለየብቻ ባለቤት አላቸው። ድምፅ በመሣሪያ ሲዋጥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሚክሲንጉ ነው፤ ያለ ጥፋቱ የሚሰደበው ግን አቀናባሪው ነው። የዘፋኟ ሰውነትና ትዳር እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ አስተያየታችሁም ውስጥ ቦታ አይኖረውም።

ስለ ቅኝት፣ ማለትም ዜማው ስለ ተሠራባቸው ድምፆች አደራደር፣ ከመናገራችሁ በፊት አረጋግጡ። ሆድ የሚያባባውን ሁሉ «ትዝታ» ማለት ልማድ ሆኗል። ነጻ የፒያኖ አፕ ስልክ ላይ ጫኑና ዘፋኙ ስንኙን ሲዘጋ የሚያርፍበትን ድምፅ ፈልጉ። እሱን ዶ ካላችሁት፣ ሜጀር ትዝታ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ይሆናል፤ ማይነሩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት («ሚ ፍላት» ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሚ ነው)። ሜጀር ባቲ ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ ነው። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፤ አንቺ ሆዬ ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ማረፊያው ላይ ነው። የማይነር ትዝታን አምስት ድምፆች ሳትቀይሩ ከሶል ብትጀምሩ አምባሰል ይወጣላችኋል። ስለዚህ አምስቱን ድምፅ ማግኘት ብቻ አይበቃም፤ ዜማው የት እንደሚያርፍ ካላወቃችሁ የቅኝቱን ስም ተዉትና «ማይነር ይመስላል» ብላችሁ እለፉ።

የአዝማሪ ምሽት ሌላ ነገር ነው። እዚያ ግጥሙ ከቤቱ ጋር አብሮ ይሠራል፤ ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆው ላይ ያዞረዋል። ደካማ ስንኝ ስትሰሙ ማን እንዳቀበለው ሳታውቁ በአዝማሪው ላይ አትፍረዱ። ልትመዝኑት የሚገባው የተሰጠውን ስንኝ በምን ያህል ፍጥነት እንደመለሰና ሰሙ ወርቁን ሳያጋልጥ መቆሙን ነው። ለመቅረጽ ፈቃድ ጠይቁ፣ ሽልማት አትርሱ፣ ካሜራውን ወደ ታዳሚው ጠረጴዛ አታዙሩ። የማታ እንግዳ ፊቱን ኢንተርኔት ላይ ሊያይ አልመጣም።

ጣና ዳር የተቀረጹ ክሊፖችን በተመለከተ አንድ መለኪያ ይኑራችሁ፦ ሐይቁ ከታሪኩ ቢወጣ ምን ይጎድላል? የዘንባባው ጎዳና፣ የደንገል ታንኳው፣ ጭስ ዓባይ ተደርድረው ዘፈኑ ስለ ሌላ ነገር የሚያወራ ከሆነ ያ ፖስትካርድ ነው። ይህን በድፍረት በሉት፤ ሁላችንም ሰልችቶናል።

ወደ ሰሞኑ ወሬ ስንመጣ ከባዱ ነገር ቀን ነው። «ትናንት የተቀረጸ» ተብሎ የሚላክ ቪዲዮ የከረመ ሊሆን ይችላል። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ግን ምስሉን ራሱን ማንበብ ይችላል። አዲሱ የዓባይ ድልድይ የተመረቀው ግንቦት 2016 ነው፤ ድልድዩ በግንባታ ላይ ሆኖ የሚታይበት ቪዲዮ ከዚያ በፊት የተነሳ ነው። ጭስ ዓባይ ሞልቶ ሲወርድ የሚታየው በተለይ ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው፤ በበጋ ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚዞር ፏፏቴው ይሳሳል። ስለዚህ «የካቲት ላይ» የተባለ ሙሉ ፏፏቴ ጥያቄ ያስነሳል። አደይ አበባ ከታየ መስከረም አካባቢ ነው። አንዱ ምልክት ብቻውን አይፈርድም፤ ሁለት ሦስት ሲገጥሙ ተናገሩ።

እምቦጭ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አረሙ ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው በፈረንጆቹ 2011 ነው፤ በብዛት የሚያጠቃውም ሰሜን ምሥራቁን ዳር፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል ያለውን ነው። ባህር ዳር ከሐይቁ ደቡብ ነች። ከከተማው መናፈሻ ሆኖ ንጹሕ ውሃ እያሳዩ «እምቦጭ ጠፋ» ማለት ጎንደር በር ላይ ቆሞ ስለ መተማ ዝናብ እንደ ማውራት ነው። በዚያ ላይ አረሙ ተንሳፋፊ ስለሆነ ነፋስ ይገፋዋል፤ ጠዋት የተሸፈነ ዳር ማታ ተገልጦ ሊገኝ ይችላል። ስለ መጨመሩ ወይም መቀነሱ መናገር ከፈለጋችሁ ከአንድ ቦታ በተለያየ ጊዜ የተነሳ ምስል ያስፈልጋችኋል። ከሌላችሁ «ዛሬ በዚህ ቦታ ያየሁት ይህን ነው» በሉ። ያንን ማንም አያፈርስባችሁም።

የቀን አቆጣጠሩም ያሳስታል። የውጭ ገጽ ላይ ያለ ዓመት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከእኛ በ7፣ ከዚያ በኋላ በ8 ይበልጣል፤ ሰዓቱም በ6 ይለያል። «21፡00» ያለውን «ማታ 9 ሰዓት» ብላችሁ ካነበባችሁ ኮንሰርቱ ካለቀ በኋላ ሰው ትጠራላችሁ፤ ማታ 3 ሰዓት ነው።

አሁን ቅጂው። ስድስት ደቂቃ ለመናገር ከ500 እስከ 600 ቃል ይበቃል። ጽፋችሁ ጮክ ብላችሁ በሰዓት አንብቡት፤ ምላስ የሚያደናቅፍ ዓረፍተ ነገር ለሁለት ይከፈል። ፍርዳችሁን በመጀመሪያዎቹ 20 ሰከንዶች ውስጥ ተናገሩ፣ ማስረጃው ይከተል። «ሰላም ናችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ፣ ሰብስክራይብ አድርጉ» እያሉ ሁለት ደቂቃ መፍጀት አድማጭን ማባረር ነው።

ሐይቁ ዳር መቅረጽ ከፈለጋችሁ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ውጡ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ማይኩ ውስጥ ይጮኻል፤ ይህን ጩኸት በኤዲቲንግ ማጥፋት ድምፃችሁንም አብሮ ያጠፋዋል። እሑድና በበዓል ቀን ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣውን የድምፅ ማጉያ አስቡ። ከተማ ውስጥ ጠላታችሁ ባጃጅ ነው፤ ወደ ጓሮ ክፍል ግቡ። በክረምት የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ ከጀመረ አቁሙ፣ ምንም ማይክ አያድናችሁም። ባዶ ክፍል ያስተጋባል፤ ጋቢና ብርድ ልብስ ከፊት ለፊታችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉ፣ አልጋ ያለበት ክፍል ከሳሎን ይሻላል። ማይኩ ከአፋችሁ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ትንሽ ወደ ጎን ይሁን፣ ካልሆነ «ጰ» እና «ፐ» ይፈነዳሉ። የድምፅ መጠኑ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል ይዋልል፤ 0 ከነካ ተቆርጧል፣ አይመለስም። ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አድርጉ። ለ30 ሰከንድ ቀርጻችሁ በጆሮ ማዳመጫ ሳትሰሙ ሙሉውን አትጀምሩ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪው ከሌሊቱ ይሞላ፤ አንድ ጊጋባይት ባዶ ቦታም ይኑር።

የሰው ዘፈን ስለመጠቀም አንድ የቆየ ተረት አለ፦ «ከ7 ሰከንድ በታች ከሆነ አይያዝም»። እንዲህ ያለ ሕግ የለም። የዩቲዩብ አውቶማቲክ መለያ ጥቂት ሰከንድም ይይዛል። በሱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ክሌም (የባለመብትነት ጥያቄ) ነው፤ ገቢው ወደ ባለመብቱ ሊሄድ ይችላል። ስትራይክ (የቅጂ መብት ጥሰት ቅጣት) ግን ሌላ ነው፣ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ከሆነ ቻናሉ ይዘጋል። የአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ምንጭን ጠቅሶ በተመጣጠነ መጠን መጥቀስን ይፈቅዳል፤ ማሽኑ ግን አዋጅ አያነብም። ስለዚህ ድምፁን ከመጫወት ይልቅ ደቂቃውን ጠቅሳችሁ ግለጹት።

ወሬን በተመለከተ ስለ ጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን አንብቡ። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተሰራጨ ሐሰተኛ መረጃ ቅጣቱ ይከብዳል። «እየተባለ ነው» ማለት ከተጠያቂነት አያድንም።

ስሕተት ከወጣባችሁ ቪዲዮውን ደብቃችሁ እንደ አዲስ አትጫኑት። የተሳሳተውን ደቂቃ፣ ትክክለኛውን ነገርና ያረማችሁበትን ቀን በመጀመሪያው ኮመንት ላይ ጽፋችሁ ፒን አድርጉት፤ ርዕሱ ራሱ ከተሳሳተም በዚያው ዕለት ቀይሩት።