የሳይካትሪ ተመራማሪን የኅትመት መዝገብ ሲገመግሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ለደረጃ ዕድገት፣ ለቅጥር ወይም ለፒኤችዲ አማካሪ ምርጫ የአንድን የአእምሮ ሕክምና ተመራማሪ ሥራ የሚያይ ኮሚቴ ብዙ ጊዜ ዓይኑን መጀመሪያ የሚጥለው ኤች-ኢንዴክስ (የጽሑፎቹን ብዛትና በሌሎች የተጠቀሱበትን መጠን የሚያጣምር ቁጥር) ላይ ነው። ቁጥሩ ግን በመጨረሻ ሊታይ ይገባዋል። ቅድሚያ የሚሰጠው ዝርዝሩ በእርግጥ የሰውየው መሆኑን፣ በእያንዳንዱ ጽሑፍ ላይም ምን እንደሠራ ማጣራት ነው።

ስምን ሳያጣሩ መቁጠር። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የውጭ የመረጃ ቋቶች ግን መጨረሻ ላይ የተጻፈውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይይዙታል። አንዱን ጽሑፍ በአባቱ ስም፣ ሌላውን አያቱን ጨምሮ ያሳተመ ሰው ስኮፐስ (የጥናት ጽሑፎችና የጥቅሶቻቸው ቋት) ላይ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። በተቃራኒው አባቱ «ከበደ»፣ የራሱ ስም በ«አ» የሚጀምር ሁሉ «ከበደ አ.» ተብሎ አንድ ላይ ሊታጨቅ ይችላል። «ባሕር ዳር»ንም በላቲን ፊደል አንዱ ገጥሞ፣ ሌላው ነጥሎ ይጽፈዋል፤ በተቋም ስም ሲፈለግ ታዲያ ጽሑፎች ይቀራሉ።

ተመራማሪው አንድ አጻጻፍ መርጦ ይጽና፤ ባለ16 አሃዙን የኦርኪድ (ORCID) የተመራማሪ መለያ በነጻ አውጥቶ ጽሑፍ በላከ ቁጥር ያስገባው፤ ስኮፐስ ላይ የተከፈለ መዝገብ ካለው እንዲዋሐድ ይጠይቅ። ጉግል ስኮላር በተባለው የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ ላይ ደግሞ አዳዲስ ጽሑፎች በራሳቸው እንዲጨመሩ ከተተወ የሞክሼ ሥራ ይገባል። ማስተካከያው ውስጥ በኢሜይል አስቀድሞ እንዲጠየቅ ማድረግ ይሻላል።

ኤች-ኢንዴክስን ከተለያየ ምንጭ ማወዳደር። ሆርሄ ሂርሽ በ2005 ያቀረበው ስሌት ቀላል ነው። ጽሑፎቹን ከብዙ ጥቅስ ወደ ትንሽ ደርድሩ፦ 40፣ 22፣ 15፣ 9፣ 6፣ 5፣ 3። አምስተኛው 6 ጊዜ ተጠቅሷል፤ ስድስተኛው ግን 5 ጊዜ ብቻ ነው። ቢያንስ 5 ጊዜ የተጠቀሱ 5 ጽሑፎች አሉ፤ ቢያንስ 6 ጊዜ የተጠቀሱ 6 ግን የሉም። ስለዚህ ኤች-ኢንዴክሱ 5 ነው። ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፍና ቅድመ-ኅትመት (በጆርናል ገና ያልተገመገመ ጽሑፍ) የጠቀሱትንም ስለሚቆጥር ከስኮፐስ ከፍ ይላል። የአንዱን አመልካች ቁጥር ከስኮላር፣ የሌላውን ከስኮፐስ ወስዶ ማበላለጥ ፍርደ ገምድልነት ነው።

የደራሲነትን ቦታ አለማየት። የዓለም አቀፉ የበሽታ ጫና ጥናት ውጤቶች ላንሴት በተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ ሲወጡ ደራሲዎቹ በመቶዎች ይቆጠራሉ፤ ኢትዮጵያውያንም በብዛት አሉበት። ሥራው የከበረ ነው፤ ግን የእነዚህ ጽሑፎች ጥቅስ ብቻውን ኤች-ኢንዴክስን ሽቅብ ይሰቅለዋል። ስለዚህ ሁለት ዝርዝር አዘጋጁ፤ አንዱ ሰውየው የመጀመሪያ፣ የመጨረሻ ወይም ኮረስፖንዲንግ ደራሲ (ስለ ጽሑፉ የሚጻጻፈው) የሆነበት፣ ሌላው የቀረው። ለየብቻ አስሏቸው።

ጥቅስን ሁሉ እንደ አድናቆት ማየት። ማክስ ሃሚልተን በ1960 ያወጣው የድብርት መለኪያ እጅግ የተጠቀሰው መሣሪያ ስለሆነ ነው። በአማርኛ የተፈተሸ መጠይቅም መለኪያውን የሚጠቀም ሁሉ ይጠቅሰዋል። ይህ እውነተኛ ተጽዕኖ ነው፤ ሆኖም አዲስ የሕክምና ግኝት አይደለም። የጤና ጣቢያ ነርሶች የሚሠለጥኑበት መመሪያ ውስጥ የገባ ጥናት ደግሞ ጥቂት ጥቅስ ኖሮት ታማሚን ሊጠቅም ይችላል። መመሪያውን ማየት ግድ ነው።

አንድን መረጃ እንደ ብዙ ጥናት መቁጠር። ከተመሳሳይ 600 ሰዎች በአንድ ጊዜ ድብርት፣ ጭንቀትና ራስን የማጥፋት ሐሳብ ተጠይቆ ሦስት ጽሑፍ ሊወጣ ይችላል። የናሙናውን ብዛት፣ መረጃው የተሰበሰበበትን ወርና የሥነ ምግባር ፈቃዱን ቁጥር አስተያዩ። ሦስቱም ከገጠሙ በጽሑፎቹ መካከል መጠቃቀስ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ከሌለ አንባቢው ተታልሏል።

የጆርናልን ኢምፓክት ፋክተር ለሰው መስጠት። ቁጥሩ ያለፉት ሁለት ዓመታት ጽሑፎች በዓመቱ ያገኙት አማካይ ጥቅስ ነው፤ ጥቂት ጽሑፎች ይጎትቱታል። ስለ አንዱ ደራሲ የሚለው ነገር የለም።

«ስኮላር ላይ አለ» ብሎ ጆርናልን ማመን። ስኮላር አያጣራም። የጆርናሉን ባለ8 አሃዝ መለያ ቁጥር (አይኤስኤስኤን) ወስዶ ሜድላይን (MEDLINE) ወይም ዶአጅ (DOAJ) በተባሉት የተጣሩ ጆርናሎች ዝርዝር ላይ መፈለግ ያስፈልጋል፤ የታወቀ ጆርናል ስም ሰርቀው ድረ ገጽ የሚከፍቱም አሉና አድራሻውን አመሳክሩ።

የዘመን አቆጣጠርን መደባለቅ። ሲቪ ላይ «2013 ዓ.ም.» የተባለው ጽሑፍ በጎርጎርዮሳዊው 2020 ወይም 2021 የወጣ ነው። ገምጋሚው ሳይቀይር ካሰላው ጽሑፉ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጃል፤ የዓመት አማካይ ጥቅሱም ያላግባብ ይወርዳል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ የወጣ ከሆነ 7፣ ከጥር ወዲህ ከሆነ 8 ደምሩ፤ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ከሆነ ቀኑን ከጆርናሉ ገጽ አረጋግጡ።