ድቅል ሩዝ ፍሬ አልይዝ ሲል መንስኤውን እንዴት እናገኛለን?

ዛላው አምሮ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ችግሩም ይኸው ቀጥ ማለቱ ነው፤ ፍሬ የያዘ የሩዝ ዛላ አንገቱን ይደፋልና። በጣታችሁ ጫን ስታደርጉት ባዶ ቅርፊት ብቻ ነው። ኢንዲካና ጃፖኒካ የሚባሉትን ሁለት የሩዝ ወገኖች ያዳቀለ ሰው ሁሉ ይህን ያየዋል፤ ተክሉ በቁመትም በቅጠልም ከወላጆቹ ይበልጣል፣ ፍሬው ላይ ሲደርስ ግን ይመክናል። ነገሩ ቢያንስ ከ1928 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጽሑፍ የታወቀ ነው። ከባዱ የመከነው በወንዴው በኩል ይሁን በሴቴው መለየቱ ነው፤ መፍትሔው በዚያ ላይ ተንጠልጥሏል።

1. ሁለቱን ወላጆች ከድቅሉ ጎን ዝሩ። የሚያብቡበት ጊዜ ከተለያየ፣ ዘግይቶ የሚያብበውን አስቀድሙ፤ ሦስቱም በአንድ አየር ማበብ አለባቸው።

2. የአየሩን ጥፋት ለዩ። ዛላው ገና በቅጠል ሽፋን ውስጥ ሳለ፣ ብቅ ከማለቱ 10 ወይም 12 ቀን ገደማ በፊት፣ ብናኙ (የወንዴው አበባ ዱቄት) የሚፈጠርበት ጊዜ ነው። ያኔ ሙቀቱ ለቀናት ከ20 ዲግሪ በታች ከወረደ ብዙ ዝርያዎች ብናኛቸው ይመክናል። በሚያብብበት ሰዓት ደግሞ ከ35 ዲግሪ በላይ ከሆነ ፍሬ መያዙ ይቀንሳል። ወላጆቹም እንደ ድቅሉ ባዶ ከሆኑ ጂን ፍለጋ አትድከሙ።

3. ከማበቡ በፊት ጥቂት ዛላዎችን በወረቀት ከረጢት ሸፍኑ፣ ሌሎቹን ክፍት ተዉ። ፕላስቲክ አትጠቀሙ፤ ውስጡ ይግልና ራሱ ያመክናል። ሲደርስ ሙሉውንና ባዶውን ፍሬ ቆጥራችሁ በመቶኛ አስሉ። ክፍቱ ፍሬ ይዞ የተሸፈነው ባዶ ከሆነ፣ ተክሉ የጎደለው ጤነኛ ብናኝ ነው፤ ጎረቤቱ በነፋስ አበድሮታል። ሁለቱም ባዶ ከሆኑ ሴቴዋም ትጠረጠራለች።

4. ብናኙን በአዮዲን መርምሩ። እኔ የወደቅሁበት እዚህ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

አዮዲን ስታርች ሲያገኝ ይጠቁራል። ጤነኛ የሩዝ ብናኝ በስታርች የተሞላ ስለሆነ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጥቁር ክብ ነው፤ የመከነው ቢጫ ወይም ቀለም አልባ ሆኖ ይቀራል። አዮዲን በባዶ ውኃ እሺ ብሎ አይሟሟም። መጀመሪያ 2 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ በጥቂት ውኃ አሟሙ፣ 1 ግራም አዮዲን ጨምሩ፣ ከዚያ እስከ 100 ሚሊ ሊትር ሙሉት። ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ ይቀመጥ።

ስታርቹ ብናኙ ውስጥ የሚጠራቀመው አበባው ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ይህን ሳላውቅ ብቅ ያለ ዛላ ቆርጬ ከታችኛው ክፍል አበቦች ወሰድኩ። አንድም ጥቁር ብናኝ አላየሁም። «ፍጹም መካን» ብዬ ጻፍኩና ተክሎቹን ነቀልኩ። በሚቀጥለው ወቅት ከፖስታ ውስጥ የተረፈውን ዘር ብዘራው ደህና ፍሬ ያዘ። የተመለከትኩት መካን ሳይሆን ጨቅላ ብናኝ ኖሯል።

ሩዝ ከዛላው ጫፍ ጀምሮ ወደ ታች እያለ ለሳምንት ገደማ ያብባል። ስለዚህ ጠዋት፣ አበባ ከመከፈቱ በፊት፣ ከላይኛው ክፍል ውሰዱ። አበባውን ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት፤ ስድስቱ የብናኝ ቋቶች ቢጫ ሆነው ከቅርፊቱ ግማሽ በላይ ከወጡ ደርሰዋል። ነጣ ወይም አረንጓዴ ብለው ከታች ከተኙ ተዉአቸው። ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ብናኙ ረግፏል፤ ቋቱ ባዶ ነው። በዚያው ቀን ካልመረመራችሁ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ንከሩት።

ቋቱን ስላይድ ላይ በአንድ ጠብታ አዮዲን ውስጥ በወረንጦ ጨፍልቁ፣ ቁርጥራጩን አውጡ፣ ሸፍናችሁ ቁጠሩ። ከሦስት ተክሎች፣ ከእያንዳንዱም ከብዙ አበቦች። እኔ ከአንድ ተክል 300 ካልቆጠርኩ አላምንም። የተጨማደደና ቀለም ያልያዘው በጊዜ የሞተ ነው፤ ክብ ሆኖ ቀለም ያልያዘው ዘግይቶ፣ ገርጣ ያለው ደግሞ መጨረሻ ላይ። የጠቆረ ሁሉ ግን ይበቅላል ማለት አይደለም።

5. ሴቴዋን ፈትኑ። ብዙ ሰው ግማሹ ብናኝ መክኖ ሲያይ «ግማሹ ፍሬ የጠፋው ለዚህ ነው» ብሎ ያቆማል። ሒሳቡ አይሠራም። አንዲት አበባ የምትፈልገው አንድ እንቁላል የሚያዳብር ብናኝ ነው፤ ግማሹ ጤነኛ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃታል። ብናኙ ግማሽ፣ ፍሬውም ግማሽ ከሆነ የፅንስ ከረጢቱን፣ ማለትም እንቁላሉን የሚይዘውን የሴቴዋን ክፍል፣ ጠርጥሩ።

ማጣሪያው ቀላል ነው። ከድቅሉ ያልተከፈቱ አበቦች ላይ የቅርፊቱን ጫፍ በመቀስ ቆርጣችሁ ቋቶቹን በወረንጦ አውጡ፣ ሸፍኑ፣ ወላጁ ሲያብብ ብናኙን አራግፉባቸው። የሩዝ ብናኝ ከወጣ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚሞት አትዘግዩ። ያንኑ በወላጁ አበቦች ላይም አድርጉ፤ አለዚያ የእጃችሁን ስህተት ከተክሉ ምክነት አትለዩም። በጤነኛ ብናኝም ፍሬው ግማሽ ከቀረ ሴቴዋ ናት። ቋት ማውጣት ካታከታችሁ ዛላውን በ43 ዲግሪ ውኃ ለ5 ደቂቃ ያህል መንከር ብናኙን ይገድላል፤ ቴርሞሜትሩ ካልታመነ ግን ሴቴዋም አብራ ትቀቀላለች።

6. ውጤቱን አንብቡ። በአንድ አቅጣጫ ሲዳቀል ብቻ መካን ከሆነ (እናትና አባት ሲቀያየሩ ካልታየ) ጉዳዩ ከእናት የሚወረሰው ሳይቶፕላዝም (ከኒውክለሱ ውጭ ያለው የሕዋስ ክፍል) ነው፤ ያኔ የሚያስፈልገው ፍሬያማነትን የሚመልስ ጂን ያለው አባት ነው። በሁለቱም አቅጣጫ ግማሹ የፅንስ ከረጢት ከሞተ፣ ኢንዲካና ጃፖኒካ መካከል ቀዳሚው ተጠርጣሪ ኤስ5 የተባለው የጂን ስፍራ ነው። እዚያ ተቀራርበው የተቀመጡ ሦስት ጂኖች አሉ፤ ሁለቱ በጋራ ይገድላሉ፣ አንዱ ይከላከላል፣ መከላከያውን ያልወረሰው ከረጢት ይሞታል። ለዚህ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የታወቀ ገለልተኛ የጂን ቅጂ አለ፤ ዱላር የተባለው ዝርያ ይዞታል። ገለልተኛውን የያዘ አንድ ወላጅ ከገባ ኤስ5 ዝም ይላል። የብናኙን ምክነት ግን አይፈታም፤ እሱ ሌሎች ስፍራዎች አሉት።

የአፍሪካውን ሩዝ ከእስያው ጋር ካዳቀላችሁ አዮዲኑን ባታባክኑ ይሻላል። ብናኙ ከሞላ ጎደል ሁሉ መካን ነው፣ ጥቂት እንቁላሎች ግን ይተርፋሉ። ድቅሉን እናት አድርጋችሁ በእስያው ብናኝ ደጋግማችሁ አዳቅሉት፤ ኔሪካ የተባሉት ዝርያዎች የተገኙት በዚህ መንገድ ነው። ከመቶ አበባ ጥቂት ፍሬ ብቻ ብታገኙ አትደንግጡ፤ እያንዳንዷን ለብቻዋ በፖስታ አድርጉ፣ በእርሳስም ጻፉባት፤ እስክሪብቶ እርጥበት ሲነካው ይለቃል።